በሰርግ የተጠቀጠቀ መንገድ

፩

ዋጠው።

ሁለት መኪና ሙሉ ገረጋንቲ፣ በአንድ ዝናብ፣ ድምጥማጡ ጠፋ! በለጡ በማለዳ በሯን ከፍታ ብታይ ትናንት ቀይ ሆኖ የተነጠፈው መንገድ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ጠበቃት። ቦቲዋን አጥልቃ አንድ እርምጃ ብትራመድ እግሯ ወጣ፣ ቦቲው ቀረ።

የዱከምን መረሬ አፈር የማያውቅ ይሳቅ። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ ክንድ ያስገባል፣ ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ጠጠር ከላዩ ቢደፉበት "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይውጣል።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች በለጡ፣ በአንድ እግሯ ቆማ።

፪

ጎረቤቱ ሁሉ የጠየቃትን እናንተም ሳትጠይቁ አትቀሩም፦ ከግቢ በር እስከ ቤት ደጃፍ መንገድ የምትሠራው ለየትኛው መኪና ነው?

መኪና የላትም።

ባል ግን አላት። ጋሽ ወንድይፍራው ዕድሜውን ሙሉ ግሬደር ሲነዳ፣ የሰው አገር መንገድ ሲያቀና የኖረ ሰው ነው። ዓምና ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ባለጎማ ወንበር ላይ ዋለ። ወደዚህ አዲስ ቤት የገቡ ዕለት ጭቃውን ያሻገሩት አራት ጎረምሶች ከነወንበሩ ተሸክመው ነው። በማግስቱ እንደገና አሸክሞ ወጣና አዳማ እኅቱ ቤት ገባ።

"ሰው በሰው ትከሻ የሚሄደው አንድ ቀን ብቻ ነው" አላት ሲወጣ። "እኔ ገና አልሞትኩም። በጎማዬ የምገባበት ቀን ጥሪኝ።"

ለወንበር ለወንበርማ ቀጭን መንገድ ይበቃ ነበር። በለጡ ግን የመኪና ስፋት አደረገችው፤ "ወንድይፍራው ጠባብ መንገድ አይወድም" ብላ። እንግዲህ ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ እኔ ይህቺን ሴት ወድጃታለሁ። ገለልተኛ ተራኪ የሚፈልግ ሌላ ቤት ይሞክር።

፫

በስልክ።

እሱ፦ ገረጋንቲውን ምን ላይ ደፋሽው?

እሷ፦ መሬት ላይ ነዋ!

እሱ፦ የትኛው መሬት?

እሷ፦ የራሳችን ነዋ!

እሱ፦ መረሬው ላይ ነው፣ አይደል?

እሷ፦ ጠግቦ የሚተው መስሎኝ!

እሱ፦ (ይስቃል። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።) እሱ መች ይጠግባል! ቆፍረሽ አውጪው። ቢጫው ጠንካራ መሬት ሲመጣ አቁሚ። ከዚያ ገረጋንቲውን በስሱ አንጥፊ፣ ከስንዝር አይብለጥ። ውሃ። መጠቅጠቅ። ደግሞ ሌላ ስንዝር። ውሃ። መጠቅጠቅ። ደግሞ ሦስተኛ።

እሷ፦ ክረምቱ ቢቀድመኝስ?

እሱ፦ እንግዲያማ እዚሁ እከርማለሁ።

፬

ቆፈረች። ሁለት የቀን ሠራተኞች ዶማ ይዘው፣ እሷ አካፋ ይዛ፣ ጥቁሩን አፈር እያወጡ ከአጥሩ ውጭ ከመሩት። አላፊ አግዳሚው አላስቀመጣትም።

"በለጡ፣ ዓሣ ልታረቢ ነው?"

"አዎ፣ አንተን ለማጥመጃ!"

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" ይላል ሌላው። እሷ ይህን ስትሰማ አካፋዋን ታጠብቃለች፤ አለመቸገሯንስ ማን ነገራቸው?

ጉድጓዱ ጉልበት ሲደርስ ቢጫው መሬት ብቅ አለ። በብረት ዘንግ መታችው። ብረቱ ነጥሮ እጇን አነዘራት። "ተመስገን!" ብላ እዚያው ተቀመጠች።

ገረጋንቲው መጣ። መጠቅጠቂያ ሮለር ያለው ሰውዬ ግን ዛሬ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ እያለ ሚያዝያን ገመሰው። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል መጥቆር ጀምሯል።

፭

በዚህ መሐል ጎረቤቷ ወይዘሮ ጠጄ ፈራ ተባ እያለች መጣች።

"በለጡዬ፣ ሳምራዊትን ልድር ነው። የኔ ግቢ የፍሳሽ ጉድጓድ ተቆፍሮበት መቆሚያ የለውም። ድንኳኑን አንቺ ጋ ብተክልስ?"

"ስንት ሰው ይመጣል?"

"ኧረ መዓት ነው!"

"ይጨፍራሉ?"

"ወይ በለጡ! ሰርግ አይደለም እንዴ?"

በለጡ መንገዷን አየች። ጠጄን አየች። ደግሞ መንገዷን።

"ድንኳኑ ዳር ላይ፣ ጭፈራው መንገዴ ላይ። መልሱንም፣ ቅልቅሉንም እዚሁ ታደርጊያለሽ።"

ሰርግ።

መልስ።

ቅልቅል።

ሦስት ስንዝር።

፮ አንደኛው ስንዝር

ለሰርገኛው የተሰጠ መመሪያ፣ ከበለጡ አንደበት፦

ከዳር ጀምራችሁ ወደ መሐል ጨፍሩ። አንድ ቦታ አትክረሙ። ወፈር ያላችሁ፣ እግዜር ይባርካችሁ፣ ግንቡ ሥር ያለውን ያዙልኝ፤ እዚያ ጋ ላላ ይላል። ታኮ ያደረጋችሁ ወደፊት! የናንተ ጫማ ጠልቆ ነው የሚነክሰው። ሚዜዎች ዝለሉ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምማችኋል?

መጀመሪያ ሳቁባት። ከበሮው ሲሞቅ ግን የሳቀውም ረገጠ። እሷ ባልዲና ጣሳ ይዛ በጭፈራው መሐል እየተሽሎከለከች ውሃ ታርከፈክፋለች፤ እፍኝ ገረጋንቲ አንስታ ትጨብጣለች። ከተበተነ ደርቋል። በጣት መሐል ከሾለከ ውሃው በዝቷል። እንደ ጭብጦ ከያዘ ልክ ነው።

ውሃ።

ርገጡ።

ውሃ።

ርገጡ።

፯ ሁለተኛው ስንዝር

በመልሱ ዕለት የጠጄ ዘመዶች ክብር አይጓደል ብለው አንድ ጋሪ ቄጤማ አምጥተው መንገዱ ላይ ጎዘጎዙት። በለጡ ጓዳ ነበረች። ብቅ ስትል አረንጓዴው ከቀዩ ጋር በጫማ ተለውሷል።

"ወይኔ ጉዴ!"

ሙሽሮች የሚጨፍሩበትን ቄጤማ ግን ማን ደፍሮ ያስነሳል? በማግስቱ ሠራተኞቹ ሦስተኛውን ስንዝር ሊያነጥፉ ሲሉ አስቆመቻቸውና ቁጢጥ ብላ ትለቅም ጀመር። ጠጄ የደረሰችው ይኼኔ ነው።

"በለጡ! የልጄን ቄጤማ? ምን በደልኩሽና ነው የምታሟርቺብኝ?"

"ሣር ከሥር ሲቀር ይበሰብሳል፣ ጠጄ። ሲበሰብስ ቦታው ባዶ ይሆናል። ባዶው ውስጥ የወንድይፍራው ጎማ ይሰምጣል።"

"ቄጤማ እኮ በረከት ነው!"

"በረከትማ ነው። ከላይ ሲሆን።"

ጠጄ ተቀየመች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ልትሄድ ተነሣች። ያን ጊዜ ሳምራዊት፣ የእጇ ሂና ገና ያልደበዘዘ ሙሽራ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ከበለጡ ጎን ቁጢጥ አለች።

"እማዬ፣ ለባሏ ሣር የምትለቅም ሴት ግቢ ውስጥ ነው የዳርሽኝ። ከዚህ የበለጠ ምን ምርቃት አለ?"

ጠጄ ቆመች። ልጇን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ጎንበስ አለች።

"እዚህ ጋ ዘላችሁታል" አለች በቁጣ፣ አንድ ዘለላ እየመዘዘች።

፰ ሦስተኛው ስንዝር

የሙሽራው ቤተሰቦች ለቅልቅሉ በአውቶቡስ መጡ። በትከሻ ሳይሆን በእግር የሚጨፍሩ፣ መሬት ሲረግጡ መስኮት የሚያንቀጠቅጡ ሰዎች! በለጡ ስታያቸው እልል አለች። ሰርገኛው ለሙሽሮቹ መስሎት አብሯት እልል አለ።

ሲበተኑ የብረት ዘንጓን አምጥታ መሬቱን መታች።

ነጠረ።

ስልኳን አነሣች። "ና" አለችው፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር።

፱

እስካሁን የጻፍኩትንም እንዲሁ በስሱ ነው ያነጠፍኩት፤ ያልረገጣችሁት ካለ ተመለሱና ርገጡ። ጋሽ ወንድይፍራው እየመጣ ነውና።

ታክሲው በሩ ላይ ቆመ። ወንበሩ ወረደ፣ እሱም ወረደ። ጎረምሶቹ እንደለመዱት ሊያነሱት ተንደረደሩ።

"እጃችሁን!" አለች በለጡ። ሁሉም ባለበት ቀረ።

በቀኝ እጁ ጎማውን፣ በቀኝ እግሩ መሬቱን እየገፋ ገባ። ግማሽ ላይ ቆመና ወደ ኋላ ዞሮ የመጣበትን አየ። ጎማው የጣለው ምልክት አልነበረም።

"ማን ጠቀጠቀው?" አለ።

"የጠጄ ልጅ ሰርግ። አገሩ በሙሉ ጨፍሮበታል።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ውሃ ሳርከፈክፍ፣ ሣር ስለቅም የት ጊዜ አገኘሁ?"

"አንዱም ስንዝር ላይ?"

"አንዱም።"

ጋሽ ወንድይፍራው የወንበሩን ፍሬን ያዘ።

"እንግዲያው ገና አልተጠቀጠቀም" አለና ደኅነኛ እጁን ዘረጋላት።

፲ በለጡ

እጁን ያዘችና መንገዷ ላይ መጨፈር ጀመረች።