ሁለቱም ሁለት አዩ

ምስጋና ቶሎ ያሰክረኛል። የአፎቻው ሽማግሌዎች መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር ባዞርኩላቸው ጊዜ «ይሄ የወርቁ ልጅ ጭንቅላት አለው» ሲሉ ሰምቼ፣ ፈረስ መጋላ እስካለችው ሱቄ ድረስ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። 2006 ዓ.ም. ነበር።

አፎቻ ለሐረር ሰው የደስታና የሐዘን ማኅበር ነው። የዚህኛው ሰፈር ወንዶችና ሴቶች በጋራ የሚይዟቸው ሁለት ትልልቅ ድንኳኖች አሏቸው፤ ጥብቅ ሕግም አላቸው፦ አንዱ ለሰርግ ሲሰጥ ሌላው መጋዘን ይቀራል። ሞት ቀጠሮ አይሰጥማ! በሴቶቹ ክፍል ረሂማ፣ በወንዶቹ ክፍል ቢላል፣ በየኮምፒውተራቸው ባንድ የጋራ መዝገብ ላይ ይመዘግባሉ። መጀመሪያ ስንት እንዳለ ያያሉ፤ ሁለት ካለ አንዱን ይሰጣሉ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ለሰርገኛ ይከለክላሉ።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቢላል ለአቦከር ሰፈር ሰርግ አንዱን ሰጠ። በዚያችው ደቂቃ ረሂማ ለኤረር በር ሰርግ ሌላውን ሰጠች። ከሰዓት በኋላ የአፎቻው አባል የዘይነባ አባት፣ አው አሕመድ፣ አረፉ። መጋዘኑ ባዶ ነው። ዝናቡ ደግሞ የነሐሴ ዝናብ። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ በስብሶ ዋለ።

«ሁለት ነበር፣ ወላሂ!» አለ ቢላል።

«ሁለት ነበር፣ ወላሂ!» አለች ረሂማ።

ከሁለቱ መሐላ አንዱ ውሸት ነው ተባለ። የረሂማ ምዝገባ በሦስት ሰከንድ የዘገየ ነው፤ የኤረር በሯ ሙሽራም የእህቷ ልጅ ናት። ሰፈሩ ፈረደባት።

እኔ ያንኑ ዕለት ማሽኑ ውስጥ ገብቼ አየሁት። ማንም አልዋሸም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ባንድ ዳታቤዝ፣ ማለትም ባንድ የኮምፒውተር መዝገብ ላይ በአንድ ጊዜ ሲሠራ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ምን ያህል እንደሚያይ የሚወስኑ ደረጃዎች አሉ። በታችኛው፣ ሌላው ጀምሮ ያልጨረሰውን፣ ምናልባትም የሚሰርዘውን ታያለህ። ቀጥሎ ባለው ያለቀለትን ብቻ ታያለህ፤ ግን ደግመህ ስታይ ተለውጦ ሊጠብቅህ ይችላል። ከፍ ሲል፣ ሥራ ስትጀምር የነበረውን እንደ ፎቶ ይዘህ ትቆያለህ፤ እስክትጨርስ አይለወጥብህም። በላይኛው ደረጃ ግን ውጤቱ ተራ በተራ እንደተሠራ ይሆናል። የጁገል ግንብ ውስጥ ያለውን ጠባብ መንገድ አስቡት፤ ሁለት ጭነት ከተገጣጠመ አንዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወይ ወደ ኋላ ይመለሳል።

መጀመሪያ የላይኛውን ነበር ያደረግኩት። ቢላል «ይሄ ማሽንህ ‹እንደገና ጀምር› እያለ ያዋርደኛል!» ብሎ ሁለት ሳምንት ጨቀጨቀኝ። ምስጋናዬ እንዳይቀርብኝ፣ ለማንም ሳልናገር አንድ ደረጃ ዝቅ አደረግኩት። ስለዚህ ሁለቱም በየፎቶአቸው ሁለት ድንኳን አዩ። እሱ በአንደኛው ድንኳን ላይ፣ እሷ በሁለተኛው ላይ ስለጻፉ፣ ማሽኑ ግጭት አልታየውም። ሕጉ ግን ፈረሰ።

ይህን መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። «ዝም አይነቅዝም» እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ እኔንም ስለ ማሽኑ እንዳስረዳ ጠሩኝ። ሰብሳቢው ሐጂ ጀይላን ወደ ረሂማ ዞረው «ቁርኣን ይዘሽ ትምያለሽ?» አሏት።

ረሂማ እጇን ከቁርኣኑ አራቀች።

«አልምልም፣ ሐጂ። ስንት ጊዜ አሰብኩት። ምናልባት አንድ ይሆናል ያየሁት። ለእህቴ ልጅ ስሳሳ ዓይኔ ዋሽቶኝ ይሆናል። አላህ ይማረኝ።»

እውነቱን ያየች ሴት በኔ ምክንያት ዓይኗን ስትክድ መስማት አልቻልኩም።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ተነሳሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ሐጂ ጺማቸውን እየዳበሱ «እንግዲያው ሁለቱም እውነት አይተው ነው ሕጉ የፈረሰው?» አሉ።

«አዎ፣ ሐጂ። አንዱ ሌላውን እንዳይጠብቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ረሂማ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሁለት ነበር?»

«ሁለት ነበር።»

ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። ቢላል እንኳ አንገቱን ደፋ። እንባዋን ጠረገችና «መቼ አወቅክ?» አለችኝ።

«ማክሰኞ።»

«ወንድወሰን፣ ዛሬ እኮ አርብ ነው» አለች።