የቁጥር አሥራ ሁለት መጨረሻ

ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ሊነካካ አንድ ስንዝር ቀርቶት፣ በእኔ በኩል ሲነጋገሩ ያየ ሰው ይፍረደኝ።

«ወንድምሽን በሩን ዝጋ በይው።»

«ባልሽን ተዘግቷል በይው።»

እኔ መሐል ቆሜ የአንዱን ለሌላው አቀብላለሁ። ሁለቱም ጆሮ አላቸው፣ ሁለቱም ይሰማሉ፤ ግን እኔ ካልደገምኩላቸው እንዳልተባለ ነው የሚቆጥሩት። ሃያ ሁለት ዓመት! ጨጓራዬን የላጡት እነሱ ሆነው ሳለ ሐኪም ቤት ስሄድ «ቅባት ቀንሺ» እባላለሁ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በኮሚክ ነው። ኮሚክ፣ ያው በሥዕል የሚተረከው ስስ መጽሔት። ድሮ ባሌና ታናሽ ወንድሜ አውቶቡስ መናኸሪያው አጥር ሥር ሸራ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ያገለገለውን ከየሰዉ ቤት በርካሽ ይለቅማሉ፣ የተጨማደደውን በእኔ ካውያ ያስተኩሳሉ፣ አትርፈው ይሸጣሉ። ገበያ አልጠፋም፤ ያስቸገረው አንባቢው ነው። ቆሞ ያነባላ! አውቶቡሱ እስኪመጣ አንዱን ከዳር እስከ ዳር ይጨርስና «አይ፣ ይሄን እንኳ አልወደድኩትም» ብሎ አስቀምጦ ውልቅ ይላል። ወንድሜ እርር ድብን ይል ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ከስፌት ሳጥኔ ምላጭ አንስቶ ወሰደ። የእያንዳንዱን ኮሚክ የመጨረሻ ቅጠል ከሥሩ ቆርጦ አወጣና ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በተራ ደረደረው። ከእንግዲህ የፈለገ ቆሞ ያንብብ፤ መጨረሻውን የሚያገኘው የገዛ ብቻ ነው። ሲከፍል ቅጠሉ ከቆርቆሮው ወጥቶ ይሰጠዋል። ደግሞ ሠራ እኮ! ሽጉጡ ተደግኖ፣ ጣቱ ቃታው ላይ እያለ ገጹ ሲያልቅበት ሰው ሁሉ እየተሳደበ ኪሱ ይገባ ጀመር። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ኮሚክ ገዝቶ ሲገባ ሸራው ላይ ከማስቀመጡ በፊት ምላጩን ነው የሚያነሳው።

ወንድሜ ራሱ አንድም አንብቦ አያውቅም። «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ምን አገባኝ?» ይላል። ባሌ ግን ማታ ማታ ቆርቆሮውን ከፍቶ መጨረሻዎቹን ሁሉ ያነብ ነበር፤ ለንግድ የተፈጠረ ሰው አይደለም። ነጋዴ ነኝ ብሎ አግብቶኝ እኔ ያገኘሁት አንባቢ ነው።

የተጣሉበት ቀን እንዲህ ነው። «ባለ ሦስት ጣቱ መርማሪ» የሚባል ሃያ አራት ቁጥር ያለው ኮሚክ ነበር። ሁሉንም ለቃቅመው የጎደላቸው ቁጥር አሥራ ሁለት ብቻ ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት እሱም ተገኘና ሸራው ላይ ወጣ። የመናኸሪያው አንድ ተሸካሚ፣ በር የሚያክል ሰውዬ፣ በምሳ ሰዓቱ የሸክም ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆሞ አነበበው። የመርማሪውን ውሻ ጎርፍ ወሰደው፤ መርማሪው ከድልድዩ ላይ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ገጽ የለም። ሰውየው ኪሱን ዳበሰ፤ ባዶ ነው።

«ኧረ ጋሼ፣ ውሻው ተረፈ ወይ? ይሄን ሳላውቅ የከሰዓቱን ሸክም እንዴት አድርጌ እችለዋለሁ?» አለው ባሌን። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ባሌ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ነገረው። ሰውየው ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ወንድሜ ይሄን አየ፤ አለቀለት!

«እኔ በምላጭ የቆለፍኩትን አንተ በአፍህ ትከፍታለህ?» ብሎ ቆርቆሮውን ከፈተ፣ የአሥራ ሁለትን መጨረሻ አወጣ፣ ባሌ ዓይን ሥር ቡጭቅጭቅ አደረገው። «እንካ! አሁን ደግሞ ይሄን ንገራቸው!»

ባሌ ትንፍሽ አላለም። እሱ ሲቆጣ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ሸራው ላይ ያለውን ኮሚክ ሰብስቦ ይዞ ቤት ገባ፤ ወንድሜ ቆርቆሮውን ታቅፎ ቤቱ ገባ። አንዱ መጨረሻ የሌለው ታሪክ፣ አንዱ ታሪክ የሌለው መጨረሻ ይዞ ቀረ ማለት ነው። ማን ይገዛቸዋል? ባሌ ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው ሌላ ሥራ ያዘ፤ ኮሚኩ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ገባ። «አንድ ቀን ዋጋ ያወጣል» ይለኛል፤ እኔ እግሬን አሳርፍበታለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት የባሌን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ያዘው። መጀመሪያ የእኔን ፊት ጉም ለበሰው፤ ቀጥሎ በሩን መዳበስ ጀመረ። የዓይን ሐኪሟ ዘንድሮ ቁርጡን ነገረችን፤ ከዚህ በላይ ከቆየ ሞራው ይጠጥራል፣ ቀዶ ጥገናው ይከብዳል። እኔ የጨርቅ ጠርዝ የምዘጋበትን የስፌት ማሽኔን ልሸጥ ተነሳሁ። አሻፈረኝ አለ!

«እሱን ከሸጥሽ በምን ልትበዪ ነው? ኮሚኩ አለ አይደል!»

«ኮሚኩን አይጥ አይፈልገውም እኮ!» ብዬ ጮህኩበት። ሰማይ ቢታረስ አይሆንም አለ። እኔም ማታ ማታ ግድግዳ ተደግፎ ሲሄድ እያየሁ ውስጤ ይቃጠል ነበር።

ታዲያ በዚህ መሐል አንድ ወጣት የእናቱን ቀሚስ ሊወስድ መጥቶ እግሬ ሥር ያለውን ክምር አየ። ከኪሱ ነጭ ጓንት አወጣ! እኔ የታመመ ነገር ሊነካ መስሎኝ ወንበሬን ሳብኩ።

«እማማ፣ እግርዎን ያንሱልኝ፣ በሞቴ!» አለ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ባለ ጓንቱ የዛሬ ዘመን ኮሚክ ነጋዴ ነው። ሸራ የለው፣ አጥር የለው፤ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለማያውቀው ሰው ይሸጣል። የገዛውን ፕላስቲክ ውስጥ ያሽገዋል፤ የገዛውም ሰው እንደታሸገ አቆይቶ አትርፎ ይሸጠዋል።

«ታዲያ መቼ ነው የሚነበበው?» አልኩት።

«ኧረ እማማ! ከተነበበማ ዋጋው ይወርዳል!»

ድሮ አንባቢ በዛ ብለን ተጣላን፤ ዛሬ ደግሞ ማንበብ ዕቃ ማበላሸት ሆነ። እኔ የሥዕል ወረቀት የሚሸጥ ሰው ጤነኛ ይሆናል ብዬ መጠበቄ ነው ጥፋቱ። ብቻ ልጁ መጨረሻዎቹን ሲያጣ አንጀቱ ተቆርጦ ሊሞት ደረሰ። የመርማሪውን ሃያ አራት ቁጥር ከነመጨረሻው ካመጣሁለት፣ ቅጠሉ የተቆረጠ ቢሆንም ይገዛል። አንድ ከጎደለ ግን አይነካውም። የሚከፍለውን ሲነግረኝ ባሌን አየሁት፤ ባሌ ደግሞ ግድግዳውን እያየ «ብዬሽ አልነበር?» ይላል።

በማግሥቱ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ቆርቆሮው ቁም ሣጥን ላይ አለ፤ ቤት ሲቀይር ተደፍቶበት ቅጠሉ ተደበላልቋል።

«ባልሽ ራሱ መጥቶ ይለምነኝ» አለ።

«መንገዱን እንዴት አይቶ ይምጣ? አያይም እኮ!»

ወንድሜ ቤታችን ሳይመጣ ዓመታት አልፈዋል። እኔም ለካ ዓይኑ ትንሽ ደከመ ነበር ያልኩት እንጂ ይሄን አልነገርኩትም። ቀስ ብሎ ኮቱን ለበሰ፣ ቆርቆሮውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። «እትዬ፣ ለእሱ ብዬ አይደለም» አለ። እሺ፣ አይደለም!

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ቅጠሎቹ ላይ የገጽ ቁጥር እንጂ የስንተኛው ቁጥር መጨረሻ እንደሆኑ አልተጻፈም። መጨረሻዎቹን ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ባሌ ነው፤ እሱ አያይም። የሚያየው ወንድሜ ነው፤ እሱ አንብቦ አያውቅም። ስለዚህ ወንድሜ ሥዕሉን እየተናገረ፣ ባሌ ቁጥሩን መጥራት አለበት። በማን በኩል? በእኔ!

«ባልሽን አንድ ሰውዬ መሰላል ላይ ተንጠልጥሏል በይው።»

«ወንድምሽን ባርኔጣ አድርጓል ወይ በይው።»

«አድርጓል በይው።»

«እንግዲያው ዘጠኝ ነው በይው።»

አራተኛው ላይ ደሜ ፈላ። «ኧረ በሕግ! ሁለታችሁም ጥርግ በሉ!» ብዬ ወደ ማሽኔ ክፍል ገባሁ። አሁን በግዳቸው ይነጋገራሉ ብዬ ነው። በተከፈተው በር ሳዳምጥ፣ ልብስ ለክቼ የማለብሳትን አሻንጉሊት ያናግሯታል! ጭንቅላት የሌላትን!

«የሚነግረኝ ሰው ባገኝ፣ መኪናው ቀይ ነው ወይ ብዬ በጠየቅኩ» ይላል ባሌ ለአሻንጉሊቷ።

«ለሚሰማ ሰው፣ መኪናው ቀይ ነው» ይላታል ወንድሜ።

እስከ ምሽት ሃያ ሦስቱን እንዲህ አጋጠሙ። አንዳንዴ ባሌ ከቁጥሩ በፊት ታሪኩን ይተርክ ነበር፤ ወንድሜም «ከዚያስ ምን ሆነ የሚል ሰው አይጠፋም» ሲል ሰምቼዋለሁ። ስንት ዓመት ሲሸጠው የኖረውን ገና አሁን መስማቱ ነው። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ግን ቅጠሉ የለም።

«አሥራ ሁለትን ማን እንደቀደደው ወንድምሽን ጠይቂው» አለ ባሌ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ወንድሜ ኮቱን አንስቶ ወጣ። በቃ፣ ለሌላ ሃያ ሁለት ዓመት ሄደ አልኩ። ያን ሌሊት ማሽኔን ማን እንደሚገዛኝ ሳስብ አደርኩ።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ወንድሜ ነው፤ አንድ ቁራጭ ካርቶን ይዟል። ካርቶኑ ላይ የአሥራ ሁለት መጨረሻ ተለጥፏል፤ አሥራ ስድስት ቁራጭ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር ገጥሞ፣ ማስቲሹ ቡናማ ሆኖ። ያኔ የተጣሉ ዕለት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከመሬት ለቅሞ ነው።

«ባልሽን መንገድ ላይ ቆሻሻ መጣል ስለማልወድ ነው በይው» አለ።

ባለ ጓንቱ ካርቶኑን ሲያይ አፍንጫውን ነፋ። ማስቲሹ ሌላውን ያበላሽብኛል፣ ፕላስቲክ ውስጥ አይገባም አለ። እኔም ክምሩን ወደ ራሴ ሳብኩና «ትወስዳለህ ወይስ ለሌላው ልደውል?» አልኩት። ሌላ የሚባል የለም፤ ግን የነጋዴ እህት ሆኜ ይሄን ካልተማርኩ ምን ተማርኩ? የካርቶኑን ፎቶ አነሳ፣ ዋጋ ቀነሰ፣ ሃያ አራቱን ጠቅልሎ ወሰደ፤ ካርቶኑን ተወልን። ገንዘቡ ለአንድ ዓይን በቃ።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ሐኪም ቤት የወሰደን ወንድሜ ነው፤ ለእሱ ብሎ አይደለም፣ ለእኔ ብሎ ነው። ቤት ገብተን ባሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በአንድ ዓይኑ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ብዙ አየኝ። «ሸብተሻል» አለ። «ማን አሸበተኝ?» አልኩት። ከዚያ ካርቶኑን ስጪኝ አለ።

ወደ መስኮቱ ዞሮ አነበበው። አሁንም አነበበው።

«ውሻው ይሞታል» አለ።

«ምን?» አልኩ። «አንተ ለዚያ ተሸካሚ ምን ብለህ ነበር የነገርከው?»

«ተረፈ ነበር ያልኩት።»

«ለምን?»

«መጨረሻውን መች አየሁትና? ጠዋት እንደመጣ ወንድምሽ ቆረጠው። ሰውየው ሊያለቅስ ሆነ፤ ምን ልበለው? ተረፈ አልኩት።»

እኔ እሳት ለበስኩ። መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «እና መጨረሻውን አልነገርከውም ነበር! ገና ያላነበብከውን ተናገርክ ተብለህ ሃያ ሁለት ዓመት! ‹አላየሁትም› ብትል ምን ነበረበት? አንዲት ቃል!»

«አልጠየቀኝማ!» አለ፤ አላፈረም።

ወንድሜ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ያያል፤ ያኔ የቀደዱትን እጆቹን። አፉን ከፈተ፣ ወደ እኔ ዞረ። እኔም እንደ ልማዴ መሐል ቆሜ የማቀብለውን እጠብቃለሁ።

ባሌ ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወንድሜን አየው። እኔን አይደለም፤ እሱን።

«እንኳንም ቀደድከው» አለው።

ወንድሜ በርጩማውን ወደ አልጋው ሳበ። «ሁለተኛው ዓይንህ መቼ ነው የሚሠራው?» አለው። «እኔ ቤት አንድ ሁለት የሚሸጥ ነገር አይጠፋም።»

ማንም «በይው» አላለኝም። ወደ ማሽኔ ገብቼ ምንም ጨርቅ ሳላስገባ ፔዳሉን ረግጬ፣ በጩኸቱ ውስጥ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ደስ ብሏት ነው ሲሉ ሰማኋቸው፣ እርስ በርሳቸው። የምን ደስታ! ንዴት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት!