የፉጨቱ ቁልፍ

አኮርዲዮኑ የአያቴ ነበር። ለእኔ አወረሰኝ፤ እኔ ግን አቧራውን ከመጥረግ በቀር አልሆነልኝም። የተጫወተበት ባለቤቴ ነው። በቀኝ እጅ በኩል ካሉት ቁልፎች አንዱ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ ድምፅ የለውም። ባለቤቴ እዚያ ቁልፍ ላይ ሲደርስ የጎደለውን ድምፅ በአፉ ያፏጨውና ዘፈኑ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

«የተማረ ሰው ቤት ውስጥ አያፏጭም» እለዋለሁ።

«የተማረች ሚስት ታስጠግንልኛ» ይለኛል።

ሳናስጠግነው ሄደ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ዘንድሮ ልጃችን፣ በልጅነቷ ከአባቷ ጉልበት ስር ሆና የለቀመቻቸውን ዘፈኖች መጫወት አማራት። አኮርዲዮኑን ከቁም ሣጥን አናት አውርደን ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ወሰድነው። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ወናፉን ዘርግተው ጆሯቸውን አስጠጉ፤ በእጥፋቶቹ መካከል አየር ያፈስሳል። ቢጫ የሆኑትን ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫኗቸው።

«ጥርሱ የእኔን ይመስላል» አሉ። «ደግነቱ እሱ ሐኪም አለው።»

ዝምተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርሱ፣ «ይሄኛውን ይተዉልኝ» አልኳቸው።

«ለምን? ውስጡ ያለው ስስ ብረት ዝጎ እኮ ነው። ቀላል ነው።»

«ይተዉልኝ አባባ። እንዲሁ ነው የለመድነው።»

ልጄ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «እማዬ፣ እሱ አባዬ እያለ ነው። እኔ እንደሆነ ማፏጨት አልችልም፤ አሁን ማን ያፏጭልኛል?»

ያንን ክፍተት የእሱ ቦታ ነው ብዬ ጠብቄ አቆይቼዋለሁ፤ ለእሷ ግን ዘፈኗ የሚደናቀፍበት ጉድጓድ ነው። ሽማግሌው ካቻቢቴያቸውን ይዘው አፌን ይጠብቃሉ።

«ይጠገን» አልኩ።

ልንወስደው ስንመለስ ወናፉ በስስ ቆዳ ተጠጋግኖ፣ ቁልፎቹ ተወልውለው ጠበቁን። ሽማግሌው በርጩማ አቀረቡላት። ልጄ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ አባቷ አዘውትሮ ይጫወተው የነበረውን ዘፈን ጀመረች። ያ ቁልፍ ጋ ስትደርስ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። እሷ ግን አቁማ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ አፏጨሽ?»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። ሁለት ድምፅ ነው የሰማሁት።»

ጠጋኙ ወደ መሣሪያ ሳጥናቸው አቀረቀሩ። «አዲስ ቆዳ እስኪላመድ ድረስ ያፏጫል» አሉ።

«ይሆናል» አልኳቸው። ከዚያም ለልጄ፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚው።»