ከታላቅ እህቷ የቀረው ብልቃጥ

ታላቅ እህቷ ከሞተች ሰባት ወር አልፏል፤ የእጅ ጽሑፏ ግን ትሠራበት ከነበረው ላቦራቶሪ ማቀዝቀዣ አልወጣም። በትንሿ ብልቃጥ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የአይጥ ጂን፣ የተጣራ» ብላ ጽፋበታለች። ውስጡ ያለው ፕላዝሚድ፣ ማለትም ጂኑ የተቀጠለበት ቀለበት መሳይ ዲኤንኤ፣ የሁለት ዓመት ልፋቷ ነው። በእሱ ሕመም የማያመጣ ቫይረስ ይሠራል፤ ቫይረሱ የአይጦቹ አንጎል ውስጥ ሲገባ ያው የገዛ ጂናቸው ከልክ በላይ ይሠራል። ጂኑ ትዝታ የሚያጸና ነው። ሥራውን ከዳር ያደረሰችው እዚያው ተቀጥራ የምትሠራው ታናሽየዋ ናት።

አይጦቹ አንድ ቀን ብቻ ደወል እየተሰማ እግራቸውን በቀላል ኤሌክትሪክ ተነዘሩ። ቫይረሱ ያልተሰጣቸው በወሩ ረሱት። ቫይረሱ የተሰጣቸው ግን በሦስተኛው ወርም ደወሉን ሲሰሙ ባሉበት ድርቅ ይላሉ። ኋላ ኋላ ሳይደወልም ይደርቁ ጀመር፤ ምግብም ተዉ።

«ተሳክቶልሻል» አላት አለቃዋ። «እህትሽ ብታይ ደስ ይላት ነበር።»

«አይበሉም እኮ።»

«እሱንም መዝግቢው።»

መዘገበች። ከዚያ ወዲህ የአይጦቹ ሳጥኖች አጠገብ ስትቆም ስልኳ የሚጮህ ይመስላታል። አውጥታ ስታየው የደወለ የለም። የማን ጥሪ እንደሆነ ግን አልጠፋትም። እህቷ መኪና ገጭቷት በሞተች ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ደውላላት ነበር። በማይረባ ነገር ተኳርፈው ስለነበር «ትንሽ ትቆይ» ብላ ሳታነሳው ቀረች። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አንዲት አይጥ ሞታ ያገኘች ቀን አለቃዋ ቢሮ ገባች።

«ሙከራው ይቁም» አለችው። «ካልሆነ ሪፖርቱ ላይ አልፈርምም።»

አንገራገረ፤ በመጨረሻ እሺ አለ። የቀሩትን አይጦች በማደንዘዣ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ካደረገች በኋላ በቀጥታ እናቷ ዘንድ ሄደች። እናቷ የታጠበ አንሶላ እያጣጠፉ ነበር።

«እማዬ፣ የዛን ቀን ደውላልኝ ነበር። አኩርፌ አላነሳሁላትም።»

እናቷ አንሶላውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ለእኔም ደውላለች» አሉ። «እጄ እርጥብ ነበር። እደውልላታለሁ ብዬ ረሳሁት።»

«ምን ልትለን ነበር ይሆን?»

«እንጃ ልጄ። እኔ በየቀኑ ሌላ ሌላ ነገር ስትነግረኝ እሰማለሁ።»

የአንሶላውን አንድ ጫፍ አቀበሏት፤ ግራና ቀኝ ይዘው አጣጠፉት።