የመስመር አምስት መስኮት

የማንቂያ ደወል ጠጋኟ ሮንዳ ፓቭሊክ መሰላሏን ተሸክማ የኦርቪል ቴሽን በር ስታንኳኳ፣ ሚስቱ አርዲስ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ሮንዳን የጠራት እሱ አልነበረም። አሪዞና የምትኖረው ልጁ ጃኔል ናት ከዚያው ሆና ቀጠሮ የያዘችው። ከአባቷ ቤት ሁለት ቤት አልፎ ያለው የጎረቤት ጋራዥ በሌባ ከተሰበረ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። “አባዬ፣ ሐሙስ ሴትዮዋ ትመጣለች፤ እንዳትመልሳት” ብላው ነበር።

አልመለሳትም። እንዲያውም ጠዋት ሸቦይገን መሀል ከተማ ወርዶ ክሪንግል የሚባለውን ጣፋጭ ኬክ አንድ ሙሉ ገዝቶ፣ ቆራርጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ለራሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይገዛም።

የቤቱ ማንቂያ ደወል ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ሽቦው ከምድር ቤቱ መቆጣጠሪያ ሳጥን ተነስቶ፣ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ እያለፈ ከየበሩና ከየመስኮቱ ይደርሳል። በኋላ የተጨመረው የመስታወት በረንዳና ፎቁ ግን ሽቦ አልደረሳቸውም። ኦርቪል ደግሞ ግድግዳው እንዲበሳበት አይፈልግም።

“አልበሳብዎትም” አለች ሮንዳ። “ገመድ አልባ ሴንሰሮች እለጥፋለሁ። ከሳጥኑ አጠገብ አንድ መቀበያ አስራለሁ። በረንዳው ሲከፈት መቀበያው ይሰማና ለአሮጌው ሳጥን ይነግረዋል።”

“ሳጥኑ እንደኔ አርጅቷል እኮ። የነገሩትን ይሰማል?”

“ከእርስዎ ይሻላል ብላኛለች ልጅዎ።”

ኦርቪል ሳቀ። ከሳቀ ስለ ቆየ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

አዲሱን ከመጨመሯ በፊት የድሮውን መፈተሽ ነበረባት። እሷ በርና መስኮት እየከፈተች፣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁጥር መምቻ አጠገብ ቆሞ ጢጥ ማለቱን ይነግራታል። የፊት በር ጮኸ። የወጥ ቤቱም፣ የሳሎኑም ጮኹ። ሮንዳ ከጓሮ በኩል ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ “ይሄስ?” አለች።

“መቼ ልትከፍቺው ነው?”

“ክፍት ነው። እጄ ውጭ ነው ያለው።”

ቁጥር መምቻው ዝም አለ።

ምድር ቤት ወረዱ። ሮንዳ የሳጥኑን ክዳን ከፍታ የእጅ ባትሪዋን አበራች። የኤሌክትሪክ መፈተሻዋን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ እየነካች ጥቂት ቆየችና ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

“መስመር አምስት አልታሰረም። የልብስ ማጠቢያው መስኮት ሽቦ ተፈትቶ ወደ ጎን ታጥፏል። በምትኩ እዚህ ጋ፣ ሬዚስተር የምትባል የሩዝ ፍሬ የምታክል የኤሌክትሪክ ዕቃ ገብታለች። ይታይዎታል? ሳጥኑ ይቺን ስለሚያገኝ መስኮቱ ሁልጊዜ ዝግ ይመስለዋል።”

“የጫነው ሰውዬ ሰነፍ ነበር ማለት ነው።”

“አይደለም። ሽቦው ላይ የብሎን ንክሻ አለ፤ መጀመሪያ ታስሮ ነበር። ሰው ነው በኋላ የፈታው። የእኛ ሙያ ሰው ደግሞ አይመስለኝም። እኛ ጠምዝዘን እንሄዳለን። ይሄ ተበይዷል፤ ብየዳው እንዴት እንደሚያምር ይዩት።”

ኦርቪል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ጎንበስ አለ። ብየዳው ትንሽ፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ነው። አርዲስ ከማግባቷ በፊትና በኋላ ለዐሥራ አንድ ዓመት በሬዲዮ ፋብሪካ ውስጥ ስትበይድ ኖራለች። ይህን ለሮንዳ አልነገራትም። የደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

“ሚስተር ቴሽ፣ ደህና ነዎት?”

“ደህና ነኝ። አንቺ በረንዳውን ጀምሪ።”

በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት ልጁ ኩርቲስ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር። በዚያው ዓመት መከር ላይ ሰክሮ የአባቱን ፒካፕ ከወደቡ ግንብ ጋር አላተመው። ሰው አልሞተም። ኦርቪል ግን ጎረቤት እየሰማ፣ “ይህን ደጃፍ ዳግም እንዳትረግጥ” አለው። በሳምንቱ የማንቂያውን ቁጥር ቀየረ፤ ቤቱ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደተከፈተ የሚዘረዝር ወረቀት የማንቂያው ድርጅት በየወሩ እንዲልክለትም አዘዘ። ወረቀቱን መስመር በመስመር ያነብ ነበር። አርዲስ አልተከራከረችውም። ያን ክረምት ግን በየማለዳው ከእሱ ቀድማ እየተነሳች፣ ማንም የማይሄድበትን የቤቱን ጀርባ በረዶ ስትዝቅ ያያት ነበር። “ምን ያደርግልሻል?” ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቃትም።

የአርዲስን የስልክ ደብተር ከመሳቢያ አወጣ። ኩርቲስን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በቀብሯ ቀን ነው፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር፣ እጁን ጨብጦት ምሳ ሳይቀርብ ሄደ። አሁን አሽላንድ ነው የሚኖረው፤ የአውራጃው በረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ነው። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠራ።

“ኩርቲስ፣ እኔ ነኝ።”

“ምን ሆንክ?”

“ምንም አልሆንኩም። ማንቂያው እየተጠገነ ነው። የኋላው መስኮት…”

ኩርቲስ አላስጨረሰውም። “አገኘኸው በለኛ።”

“ስንት ጊዜ ገባህ?”

“ያን ክረምት ሙሉ። ዳቦ ቤት ማታ ማታ እሠራ ነበር። እናንተ ሥራ ስትሄዱ እገባለሁ፣ ከመምጣታችሁ በፊት እወጣለሁ። እማዬ ምግቤን የልብስ ማድረቂያው ማሽን ውስጥ ትተውልኝ ነበር፣ እንዳይቀዘቅዝ፤ ዱካዬ እንዳይታይም በረዶውን ትዝቅልኝ ነበር።”

“አልጋህ ፎቅ ላይ ነበር እኮ።”

“እንዴት አድርጌ? ኮሪደሩ ላይ ያቺ እንቅስቃሴ የምታየው ዓይን አለች። የማጠቢያ ክፍሉን በር ወደ ኮሪደሩ ከፍቼ አላውቅም። መሬቱ ላይ ነበር የምተኛው።”

ኦርቪል የስልኩን ገመድ በጣቱ ጠመዘዘ። “ለምን አልነገረችኝም?”

“ጠይቀሃት ታውቃለህ?” ኩርቲስ ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ቀጥሎ፣ “መኪናው እየጠበቀኝ ነው፤ ሰላም ሁን” አለና ዘጋ።

ሮንዳ በረንዳው ላይ አራት ነጫጭ ሴንሰሮች፣ ፎቅ ላይ ስድስት ለጥፋ ጨረሰች። ሁሉም ጮኹ። ከዚያ ካቻቢቴዋን ይዛ መጣች። “መስመር አምስትን ልሰረው?”

“ተይው።”

“ለልጅዎ ምን ልበላት?”

“ሁሉም ይሠራል በያት።”

“ውሸት አልጽፍም። ‘በባለቤቱ ፈቃድ የተተወ’ ብዬ እጽፋለሁ፤ ይስማማዎታል?”

“በባለቤቱ ፈቃድ” አለ ኦርቪል ቃሉን እየመዘነ። “ጻፊው።”

ክሪንግሉን ግማሹን ጠቅልሎ አስያዛት።

በሦስተኛው ቀን ጃኔል ደወለች። “አባዬ፣ ማንቂያው ወደ ስልኬ የሚልከው መልእክት ከሐሙስ ጀምሮ አንድም በር አልተከፈተም ይለኛል። ተበላሽቶ ነው ወይስ አልወጣህም?”

“አልወጣሁም።”

“ሦስት ቀን ሙሉ?”

“ጃኔል፣ ወንድምሽ በመስኮት ይገባ እንደነበር ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር፤ እኔም አንዳንዴ ሳንድዊች እተውለት ነበር። አክስቴም ታውቅ ነበር። ጎረቤታችን ሚስስ ዱብስም።”

“ሁላችሁም?”

“አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው፣ አባዬ።”

ስልኩን አስቀመጠ። የጎዳው መታለሉ አልነበረም። ሰው ሁሉ በእሱ ዙሪያ ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መኖሩ ነው የከበደው። አርዲስ አርባ አራት ዓመት ከጎኑ ተኝታ ይህችን አንዲት ነገር እንኳ አምና አልነገረችውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ካፖርቱን ለበሰና መኪናውን አስነሳ። ወደ ሰሜን አምስት ሰዓት ተኩል ነዳ። የኩርቲስ ቤት ሐይቁ አጠገብ ያለ ቢጫ የእንጨት ቤት ነው፤ አድራሻውን እንጂ ቤቱን አይቶት አያውቅም። በሩ ላይ መኪና አልነበረም። ደረጃው ድረስ ሄዶ ሳያንኳኳ ተመለሰና መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ቤንዚን እንዳያልቅበት ሞተሩን አጠፋ። መስታወቱ በትንፋሹ ተሸፈነ፤ ጣቶቹ ደነዘዙ።

ከመጣ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ሲል አንድ ሰው መስታወቱን ቆረቆረ። ኩርቲስ ነበር፤ ጺሙ ሸብቷል።

“ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?”

“ቅድም ነው የመጣሁት።”

ኩርቲስ የመኪናውን የሞተር ክዳን በመዳፉ ነካው፤ በረዶ ሆኗል። “ለምን አልገባህም?”

“ማንም የለም ብዬ።”

“አይቆለፍም እኮ” አለ ኩርቲስ። “ቆልፌው አላውቅም።”

ገቡ። ኩርቲስ የትናንት የዓሣ ሾርባ አሞቀ። ኦርቪል በመንገድ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ነበር። “መሬቱ ይቀዘቅዝ ነበር?” ብቻ አለ።

“ጠዋት ጠዋት” አለ ኩርቲስ፣ ዳቦውን እየገፋለት።

ከዚያ ስለ መንገዱ በረዶ አወሩ። እጅግ ሳይመሽበት ቤቱ ለመድረስ ኦርቪል ቶሎ ተነሳ። ልጁ እስከ መኪናው ሸኘው፤ እንደገና ና አላለውም፣ አትምጣም አላለውም።