ከኋላ የታሰረው ቦይና

ብሩክታይት የተሰበረው እግሯ ድኖ ጉኑኖ ወዳለው ቢሮዋ በተመለሰች ዕለት፣ አለቃዋ አቶ አማረ የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ሰጣት። በየገጠሩ እየዞረች ከብት የምትከትብበት ባለአራት ጎማ ሞተር ዳገት ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነበር የወደቀባት።

«መንገዱ አንሸራተተኝ በዪና ፈርሚ» አላት። «ጭነት ነበረኝ ካልሽ ሞተሩን ነጥቀው ቢሮ ያስቀምጡሻል።»

መንገዱ ግን ደረቅ ነበር። የዚያን ቀን የእማማ አሳየሽን ላሞች ከትባ ስትነሳ፣ ሴትዮዋ ከጓሯቸው የቆፈሩትን አንድ ጆንያ ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ ከመቀመጫው ኋላ ጥፍር አድርገው አሰሩላት። እምቢ ማለት ቤቱን መናቅ ነው። ዳገቱ መሀል ስትደርስ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሡ።

ቅጹን ይዛ የሥራ ባልደረባዋ ሚልክያስ ዘንድ ሄደች። አምና ያው ሞተር ትከሻውን አውልቆት ነበር፤ እስካሁን ቀኝ እጁን ወደ ላይ አያነሳም።

«አንተ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«መንገዱ አንሸራተተኝ።»

«በምን ወር?»

«በጥር» አለና ሳቀ።

«ከኋላህስ ምን ነበር?»

ሳቁን ተወው። «አቮካዶ። ደግሞ ሁለት ዶሮ። ዶሮዎቹ እንኳ ተርፈዋል።»

ከዚያ እግሯን አየና አንገቱን ደፋ። «ጻፊው» አላት። «እኔም የኔን አስተካክላለሁ።»

እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «መንገዱ ደረቅ ነበር። ከኋላ አንድ ጆንያ ቦይና ጭኜ ነበር፤ ዳገት ላይ ሚዛን አሳተኝ።»

አቶ አማረ አንብቦ ቀና አለ። «ሞተሩን አትፈልጊውም?»

«እፈልገዋለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከኔ በኋላ የሚነዳውም እግሩን ይፈልገዋል።»

አንድ ወር ቢሮ ተቀመጠች፤ ያለሞተር። በኋላ ሞተሩ ተመለሰላት፣ ከመቀመጫው ኋላ «ጭነት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት።

እማማ አሳየሽ ግን ጽሑፍ አያነቡም። በቀጣዩ ዙር ላሞቹ ተከትበው እንዳበቁ ሌላ ጆንያ ቦይና እየጎተቱ መጡ። ለብሩክታይት እምቢ ከማለት ቅጹን መጻፍ ይቀላት ነበር።

«አይታሰርም፣ እማማ። ያን ጊዜ የጣለኝ ይኼ ነው።»

ሴትዮዋ ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። «የኔ ቦይና?»

«ክብደቱ ነው፤ እርስዎ አይደሉም። ቅዳሜ በእግሬ እመጣለሁ። ቀቅለው ይጠብቁኝ፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ እበላለሁ።»

እማማ አሳየሽ ገመዱን ጠቀለሉ።

«ጠግበሽ ካልተነሳሽ ግን አልለቅሽም!»

ብሩክታይት ሞተሩን አስነሳች። ዳገቱን ስትወጣ አራቱም ጎማዎች መሬት አልለቀቁም።