ጥሪው ደርሶ እንደሆነ

ባለቤቴ ደረሳ ቢላ በምትባል ከተማ ሆዱን አሞት ሲሞት እዚያው ያስተምር ነበር። ጎረቤቱ ጂሩ ወደ አምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ሦስት ጊዜ መልእክት ልኬያለሁ ብሎ ምሏል። ማዕከሉ ነቀምቴ ነው፤ እኔም የምሠራው እዚያው፣ መረጃ ክፍል ነው። ያን ሳምንት እረፍት ላይ ነበርኩ። ጂሩ ለለቅሶ ሲመጣ ፊቱን ሳላይ፣ "አልላክህም" አልኩት።

ከዓመት በኋላ ነው ለማረጋገጥ የደፈርኩት። የድሮ ጥሪዎች ፋይል ቀንም የላኪ ቁጥርም የለውም፤ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የተጻፈው ጥሪና የእኛ መልስ ብቻ ነው። ከመብዛቱ የተነሳ ኤክሴል መክፈት አቃተው። ስለዚህ ግሬፕ የሚባለውን የመፈለጊያ ትዕዛዝ ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር ገጽ ላይ ከራሱ መመሪያ ተማርኩ፤ በየምሳ ሰዓቱ አንድ አንቀጽ አነብባለሁ፣ እሞክራለሁ። መጀመሪያ ቀን የፋይሉን ስም መጻፍ ረሳሁ። ማሽኑ ዝም አለ። እየፈለገ መስሎኝ ምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ጠበቅሁት።

"ኮምፒውተሩንም ጥቁር አለበስሽው?" አለኝ ባልደረባዬ ሸዋርጋ። "ተነሺ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ።"

"ደረሳ" ብዬ ጻፍኩ። ምንም። ትልቅና ትንሽ ፊደል አትለይ የሚለውን ምልክት ጨመርኩ። አሥራ ዘጠኝ ደረሳ ወጣ፤ የእኔ የለም። "ቢላ" ስል ከሁለት ሺህ በላይ መስመር ፈሰሰ። በሦስተኛው ሳምንት ለጂሩ ደወልኩለት።

"ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?"

"አባ ኬኔ በጣም ታሟል፣ ድረሱልን ብዬ ነዋ፣ ሃዸ ኬኔ። ልጅ ያለውን ሰው በስሙ እጠራለሁ እንዴ?"

ኬኔ ልጃችን ናት፤ አባ ኬኔ አባቷ ነው፣ ሃዸ ኬኔ ደግሞ እኔ እናቷ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ "አባ ኬኔ" ብዬ ጻፍኩ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ያለውንም አንድ መስመር እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ሦስት መልእክት ወጣ። ከሦስቱም ሥር ያው መልስ አለ፦ የታካሚው ሙሉ ስም አልተገለጸም፤ ጥሪው ተዘግቷል።

ዓረፍተ ነገሩን አውቀዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ዓመት ጥሪ ለሚቀበሉት ተረኞች መመሪያውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሙሉ ስም የሌለው ጥሪ ይዘጋ ብዬ የጻፍኩት በኋላ ሲፈለግ እንዳያስቸግር ነበር።

"አገኘሽው?" አለኝ ጂሩ።

"ደርሶ ነበር።"

"እኔ እኮ አልዋሸሁም።"

"አልዋሸህም። ይቅር በለኝ።"

"ታዲያ ለምን ቀሩ?"

"እሱን ገና እየፈለግሁ ነው" አልኩትና ገጹን ዘጋሁት።